በአያቱ እቅፍ ያደረው ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ባለፈው ሳምንት የአባቴን አርባ አወጣን። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የዕድሩ ወንበርና ድስት ተመልሶ ቤቱ ጭር ሲል፣ በቤተ ክርስቲያናችን ከብሉይ ኪዳን መጻሕፍት አንዱ የሆነውን መጽሐፈ ኩፋሌን ገለጥኩ። ያነበብኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ሰው ሲሞትብን «ነፍሱን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን» እንላለን። እኔም በየለቅሶው ብዬዋለሁ። «እቅፍ» ስል ግን በልቤ የሚታየኝ ሩቅ የሆነ የብርሃን ቦታ ነበር። ኩፋሌ የሚያሳየን አልጋ ነው። አንድ ሽማግሌና አንድ ጎረምሳ የተኙበት አልጋ።

እስኪ በዘፍጥረት እንቁጠር። ይስሐቅ ሲወለድ አብርሃም 100 ዓመቱ ነበር። ያዕቆብና ዔሳው ሲወለዱ ይስሐቅ 60 ዓመቱ። አብርሃም ያረፈው በ175 ዓመቱ ነው። አያትና የልጅ ልጅ እንግዲህ 15 ዓመት አብረው ኖረዋል ማለት ነው። ዘፍጥረት ስለነዚህ ዓመታት ብዙ አይነግረንም። የሚነግረን ሙሉ ሆኖ በግእዝ ብቻ የተረፈው ኩፋሌ ነው፤ ምዕራፍ 22 እና 23።

የመከር በኩራት በዓል ነው። ይስሐቅና እስማኤል አባታቸው ዘንድ መጥተዋል። አብርሃም ሁለቱን ልጆቹን አንድ ላይ በማየቱ ደስ ብሎታል። ርብቃ ከአዲሱ እህል ቂጣ ጋግራ በያዕቆብ እጅ ለአማቷ ላከች። ሽማግሌው በላ፣ ጠጣ፣ ፈጣሪውን አመሰገነ። ከዚያ ያዕቆብን አቅርቦ መረቀው፤ ደጋግሞ ሳመው። ምርቃቱ ረጅም ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ መቼ ቶሎ ይጨርሳል! ሁለቱ በአንድ አልጋ ተኙ። አብርሃም የያዕቆብን ሁለት ጣቶች በገዛ ዓይኖቹ ላይ አኖረ። አምላኩን ባረከ፣ ፊቱን ሸፈነ፣ እግሮቹን ዘረጋ፣ አንቀላፋ። ልጁ በእቅፉ ተኝቷል፤ ምንም አላወቀም። ሲነቃ አያቱ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። «አባቴ! አባቴ!» አለ። መልስ የለም።

አብርሃምን በሥዕል ስናየው ጺሙ የነጣ፣ ዝም ያለ አዛውንት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰው ግን ሌላ ነው። በ318 ሰዎች ነገሥታትን አሳዶ የወንድሙን ልጅ ሎጥን ያስመለሰ። በ99 ዓመቱ በቀትር ፀሐይ እንግዳ አይቶ የሮጠ። ልጅ ትወልዳለህ ሲባል በግንባሩ ወድቆ የሳቀ። ስለ ሰዶም ሲማልድ ደግሞ ከ50 ጻድቃን ጀምሮ እስከ 10 ወረደ። ይቅር ይበለኝና መርካቶ ያደገ ይመስላል።

አባቴም ዝም የሚል ሽማግሌ አልነበረም። በጥምቀት ከወጣቶቹ ጋር ሲዘል ሁለት ዱላ ሰብሯል። ከልጅ ልጆቹ ጋር ገበጣ ሲጫወት ጠጠር ይሰርቃል። ሲያዝ «እናንተን ለማንቃት ነው» ይላል። ሳቁ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ቁጣውም እንደዚያው።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እንላለን። ደግ አባባል ነው። ግን ለቅሶው ላይ ስለ አባቴ የሚወራውን ስሰማ ማንን እንደቀበርን ጠፋኝ። ተቆጥቶ የማያውቅ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው አደረጉት። ቅዱስ መጽሐፍ እንዲህ አያደርግም። አብርሃም ፈርቶ ሚስቱን «እኅቴ ናት» ማለቱን ጽፎልናል፤ ያውም ሁለት ጊዜ። የእምነት አባት መባሉን ግን አላስቀረበትም። የልጅ ልጆች የሚፈልጉት የሚያውቁትን አያት ነው። ቁጣውን የደበቅን እንደሆነ፣ ማታ መጥቶ የልጁን በር አንኳኩቶ «ይቅር በለኝ» ያለበትን ቀንም አብረን እንቀብረዋለን። ያ ልጅ እኔ ነኝ።

ሌላም ነገር አለ። በሉቃስ ምዕራፍ 16 መላእክት ወደ አብርሃም እቅፍ የወሰዱት አልዓዛርን ነው፤ በሀብታሙ ደጅ የተኛውን ድኻ። እንግዲህ ነዳያን አጥር ሥር ቆመው፣ የተጠራ እንግዳ ቀድሞ የሚበላበት ተዝካር ምን ዓይነት ተዝካር ነው? በእኛም ቤት የሆነው ይኸው ነበር። ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። አባቴ ቢኖር ድንኳኑን በላያችን ላይ ያፈርሰው ነበር። ተበድሮ መደገሱንማ ተዉት። በፍትሐቱ የክርስትና ስሙ ይጠራ፣ ድኻ ይብላ። ሌላው ቢቀር አባቶቻችን አይቀየሙንም።

ወደ ያዕቆብ ልመለስ። ሮጦ ለእናቱ ነገራት። እሷም በሌሊት ለይስሐቅ ነገረችው። ወደ አብርሃም ሲሄዱ መብራቱን የያዘው ያዕቆብ ነበር። ይስሐቅ በአባቱ ፊት ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ ሳመው። ለአብርሃም 40 ቀን አለቀሱለት።

እኛ ልጆችን ጎረቤት ቤት እንልካለን። «አባባ ሩቅ አገር ሄዷል» እንላለን። እኔም ለታናሹ ልጄ ይህንኑ አልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ «ደውሉልኝ» እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣን። በአራተኛው ቀን አስቀምጬ እውነቱን ነገርኩት። አለቀሰ፣ አለቀሰና «ገበጣውንስ ማን ወሰደው?» አለ።

በአርባው ፍትሐት ሲደረግ ጧፍ አስያዝነው። ሰሙ ጣቱ ላይ ሲንጠባጠብ ፊቱን አጨማደደ እንጂ አልለቀቀም። ወደ ጆሮዬ ተጠጋና «አባባ ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር» አለኝ።