እርሳስ ለምታቀልጡ፦ ወተቱን ተዉትና እጃችሁን ታጠቡ

እንጀራዬ እርሳስ ማቅለጥ ነው። ለጎርጎራ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ወደ ታች የሚስበውን እርሳስ እሠራለሁ። የተበላ የባትሪ ራስም እሞላለሁ። ቤቴ ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ ብዙ ስለማይርቅ ሰው አይጠፋም። የሚገባው ሁሉ ደግሞ ምክር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ምክሩም ያው አንድ ዓይነት ነው። ሰሞኑን ልጆች ዩቲዩብ እያዩ በየግቢያቸው ከሰል አያይዘው ማቅለጥ ጀምረዋል። እነሱም የሚሉት ያንኑ ነው። እንግዲህ እኔም ልናገር።

«እርሳስ ቶሎ ስለሚቀልጥ የትኛውም ድስት ይችለዋል።» አይችለውም። እርሳስ በ327 ዲግሪ መቅለጡ እውነት ነው። ከሰልና ወናፍ ግን 327 ላይ ቁም ቢሉት አይቆምም። አሉሚኒየም በ660 ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ጉልበቱ ይከዳዋል። አንድ ሊትር እርሳስ ከ11 ኪሎ በላይ ነው። ቂጡ የላላ ድስት ውስጥ 11 ኪሎ ፍል እርሳስ እግራችሁ ላይ ይታያችሁ። ወፍራም የብረት ድስት ያዙ። እርሳስ የነካውን ድስት ደግሞ በአመድ ፈትጎ ወደ ጓዳ መመለስ የለም። በቃ፣ የእርሳስ ሆኗል።

«ትንሽ እርጥበት ምን ያመጣል? እሳቱ ያደርቀዋል።» ይህን የሚል ሰው እርሳስ ሲተፋ አላየም። ከቀለጠው እርሳስ ሥር የገባች ጠብታ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ትሆናለች። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ወደ 1,700 እጥፍ ያብጣል። መውጫ ስለሌለው እርሳሱን ይዞት ወደ ላይ ይወጣል፤ ላይ ያለው ደግሞ የእናንተ ፊት ነው። ክረምት ላይ ውጭ ያደረ ቁርጥራጭ ደረቅ መስሎ በስንጥቁ ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ቁርጥራጩ መጀመሪያ በድስቱ ጠርዝ ላይ ይሙቅ። የምታፈሱበት ቅርጽ ማውጫም ይሙቅ፣ ጭልፋውም ይሙቅ። ፍል እርሳስ ውስጥ ቀዝቃዛ ነገር አይጨመርም። ሸበጥ አድርጎ የሚያቀልጥ ሰው ካያችሁ ደግሞ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

«ትኩሱን ውሃ ውስጥ ብትነክረው ይጠነክራል።» ንጹሕ እርሳስ ብትነክሩት ባትነክሩት ያው ነው፤ የሚያጠነክረው እንደ አንቲሞኒ ያለ ሌላ ማዕድን ሲቀየጥበት ነው።

«ከባድና ግራጫ ከሆነ እርሳስ ነው።» ዚንክም ግራጫ ነው። የመኪና ጎማ ማመዛዘኛ ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ዛሬ ዛሬ ዚንክ የሆነው ብዙ ነው። በ419 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ቀስ ብሎ የሚያሞቅ ሰው ሳይቀልጥ ተንሳፎ ያገኘዋል፣ ለቅሞ ያወጣዋል። እሳቱን የለቀቀበት ግን ሁሉንም ይቀላቅለዋል። ከዚያ በኋላ እርሳሱ ቅርጹን አልሞላም ብሎ እኔ ጋ ይመጣል።

«እርሳስ ካለህ ጥይት መሥራት ምን ያቅትሃል?» ይህችን የሚጠይቀኝ በድምፁ ዝቅ ብሎ ነው። የውጅግራ ጥይት እርሳስ ነበር፤ አባቶቻችንም እርሳስ አቅልጠዋል። ዛሬ ግን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ የሚሠራ ጥይት ሰውን እስር ቤት ያስገባል። እኔ የመረብ እርሳስ ነው የምሠራው። ሌላ ጥያቄ ካለ?

አሁን ወደ ወተቱ።

«ማታ ማታ ወተት ጠጣበት፣ ያጥበዋል።» ይህን ያልነገረኝ ሰው የለም። ባትሪ ጠጋኙም፣ ቀለም ቀቢውም፣ በያጁም ይለዋል። የተማሩ ሰዎችም ይሉታል። የሥራ ቀጣሪ ወተት ገዝቶ አከፋፍሎ «ጥንቃቄ አድርጌያለሁ» ሲል ሰምቻለሁ። ኧረ ተዉን! ወተት ምግብ ነው። ደም ውስጥ የገባን እርሳስ አጥቦ የሚያወጣበት መንገድ የለውም። ሰውነታችን እርሳስን ከካልሲየም ለይቶ አያውቀውም፤ ስለዚህ አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከደም በወራት ሊቀንስ ይችላል፤ አጥንት ውስጥ የገባው ግን ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ለጠና መመረዝ መድኃኒት አለ፤ እሱም ሐኪም ደም መርምሮ የሚያዘው እንጂ ከከብት ጡት የሚታለብ አይደለም።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ባዶ ሆድ እርሳስን በጣም ይቀበላል፤ የበላ ሆድ ደግሞ ያንሳል። ስለዚህ በልቶ መሥራት ይጠቅማል፤ ወተትም ሽሮም ያው ነው። ታዲያ በጾም ምን ልታደርጉ ነው? አንዱ «የሱፍ ውሃ ይተካዋል» ብሎኛል። የእኔ ምክር ሌላ ነው፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ በዚያ ባዶ ሆድ እርሳስ አታቅልጡ። ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል።

ወተቱ ራሱ ሰው አይገድልም። የሚያናድደኝ የሚሰጠው ድፍረት ነው። አንድ የማውቀው ባትሪ ጠጋኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ነው የሚሰብረው፣ ግቢው ውስጥ ነው የሚያቀልጠው። ማታ ሥራ ሲጨርስ አንድ ብርጭቆ ወተት አይቀርም። ብርጭቆውን አይቼዋለሁ፤ አፉ ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ ግራጫ ሆኖ ታትሟል። ወተቱን ከዚያ ላይ ነው የሚጠጣው። ሆዱን ቁርጠት ያዘው፣ ደረቀ፣ የእጁ አንጓ መዛል ጀመረ። ጨጓራ ነው ተባለ፤ አሜባ ነው ተባለ፤ የሁለቱንም መድኃኒት ጨረሰ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። እስከዚያ ድረስ የጠየቀው አልነበረም።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ጭሱን ነው። ጭስ ይፈራ፤ በተለይ ድስቱ ከቀላ እሳቱ በዝቷልና ቀንሱ፤ ሥራውም ደጅ ይሁን። የጨርቅ ማስክ የእርሳስን ጭስ አያቆምም። ግን «ካልሸተተኝ አልጎዳኝም» ማለት ውሃ አያነሳም፤ እርሳስ ራሱ ሽታ የለውም። የሚሸታችሁ እርሳሱን ለማጥራት የሚጨመረው ሰምና የባትሪው ፕላስቲክ ነው። በእኛ ሥራ ዋናው በር ደግሞ አፍ ነው። ከላይ የሚንሳፈፈው ቢጫና ግራጫ አመድ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይበናል። እጅ ላይ፣ ጺም ላይ፣ ሱሪ ላይ ያርፋል። እኛ ደግሞ በእጅ የምንበላ ሰዎች ነን። ሲጋራውም ጫቱም በእጅ ነው። ቤት ገብቶ ለልጁ በዚያ እጅ ጉርሻ የሚያጎርስ አባት አለ። አዋቂ ምግብ በልቶ ከዋጠው እርሳስ አንድ አሥረኛውን ያህል ቢቀበል፣ ሕፃን ግማሹን ያህል ይቀበላል። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ ቲያሮዬ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ 18 ሕፃናት ሞተዋል። ሰፈሩ አሮጌ ባትሪ ይሰበርበት ነበር፤ አፈሩም እርሳስ ሆኖ ነበር።

እኛ አገር ደግሞ የቀጥቃጭ ጎረቤት ልጅ ሲታመም «ቡዳ በላው» ይባላል። ጠይቡን በዓይኑ ከምትከሱት ጫማውን እዩለት። አቧራ ይዞ የሚገባው ጫማው ነው።

ስለዚህ ለወተት የምታወጡትን ገንዘብ ሳሙና ግዙበት። እጅ በሳሙና ለቅለቅ ተደርጎ አይለቅም፤ ጥፍር ሥር ድረስ በብሩሽ ይታሻል። የሥራ ልብስና ጫማ እዚያው ሥራ ቦታ ይቀራል፤ ሲታጠብም ከልጆች ልብስ ጋር አይዘፈዘፍም። ወለሉ በደረቁ አይጠረግም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ይህን የምታደርጉት ግን ሥራው ተጠናቆ፣ ድስቱ ቀዝቅዞ ነው፤ ስለ ውሃው ነግሬአችኋለሁ። ልጅና ነፍሰ ጡር አጠገቡ አይደርሱም። በዓመት አንዴ እንኳ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ሳትጠየቁ «እርሳስ አቀልጣለሁ» በሉ።

«አመዱን ጓሮ ብበትነው ምን አለ? አመድ አይደል?» አይደለም። ጎመኑ ሥር የሚደፋው የምድጃ አመድ ነው። ይህኛው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይጠራቀምና እርሳስ ለሚገዛ ሰው ይሸጣል፤ ውስጡ ገና ብዙ እርሳስ ስላለ በኪሎ ይወስዱታል።