የቦይለር ሬዚስታንስ ምንድን ነው? ድሬ ላይስ ለምን ዕድሜ የለውም?

ድሬዳዋ ላይ ቤቴ ቦይለር አለ ስትሉ የሚስቅ ሰው አይጠፋም። አይፈረድበትም። በግንቦት ከቀትር በኋላ ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ የሚወርደው ውሃ ራሱ ገላ ይልጣል። ግን የታኅሣሥ ንጋትም አለ። ቤት ውስጥ አራስ የምትኖርበት ጊዜም አለ። ሳቢያን ሰፈር የምትኖረው አክስቴ ባለ 50 ሊትር ቦይለር ያስገባችው ልጇ የወለደች ሰሞን ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ሬዚስታንስ በላባት። ሁለተኛው ሲሞት እኔን ጠራችኝ፣ እኔ የሰፈሩን ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ።

ሬዚስታንስ የምንለው ውሃውን የሚያሞቀውን ክፍል ነው። የእንጀራ ምጣድ ውስጥ ያለውን ጥቅልል ሽቦ ታውቁታላችሁ፤ ያ ማለት ነው። ኤሌክትሪክ እንደ ልቡ በማያልፍበት ሽቦ ውስጥ በግድ ሲያልፍ ሽቦው ይግላል። የምጣዱ ሽቦ ሸክላው ቦይ ውስጥ እርቃኑን ይተኛል። የቦይለሩ ግን ውሃ ውስጥ ስለሚገባ እርቃኑን መሆን አይችልም። ስለዚህ ሽቦው በመዳብ ወይም በማይዝግ ብረት ቱቦ ውስጥ ይገባል። በሽቦውና በቱቦው መካከል ነጭ ዱቄት ተጠቅጥቆ ይሞላል። ዱቄቱ ማግኒዢየም ኦክሳይድ ነው፤ ሙቀት ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቱቦው ታጥፎ ከቦይለሩ ሥር ወደ ሆዱ ይገባል። በየቤቱ ያለው አብዛኛው ከ1200 እስከ 2000 ዋት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ምጣድ ሲሰራ ሽቦው ፍም ይመስላል። የቦይለር ሬዚስታንስ ግን በጤናው ጊዜ አይቀላም። ውሃው ከብቦት ሙቀቱን ወዲያው ወዲያው ይወስድለታል። ኑሮው ሁሉ በዚህ ላይ ነው። ሙቀቱን የሚቀበለው ካጣ በራሱ ሙቀት ይቃጠላል።

ሙቀቱን የሚቀበለው የሚያጣው ደግሞ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ድንጋይ ነው።

ድሬ ላይ ‹ጨው› እንለዋለን። ማንቆርቆሪያው ሆድ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር፣ የሻወሩን ቀዳዳ የሚደፍነው። ጨው አይደለም። ጨው ቢሆን ውሃ ውስጥ ይሟሟ ነበር። ይሄ የኖራ ድንጋይ ነው። የከተማችን ውሃ የሚመጣው ከጉድጓድ ነው፤ ዙሪያችን ያለው ተራራ ደግሞ በኖራ ድንጋይ የበለፀገ ነው። በጣሊያን ዘመን ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። የዝናብ ውሃ አፈሩ ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል፣ በዚያ ጉልበት ድንጋዩን እያሟሟ ይሄዳል። ስንጠጣው ድንጋዩ አይታየንም። ስናሞቀው ግን ጋዙ ያመልጣል፤ ጋዙ ሲያመልጥ ድንጋዩ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። የት ላይ? ከሁሉ በላይ የሚሞቀው ቦታ ላይ። ሬዚስታንሱ ላይ።

ሐረር ያላችሁም አትሳቁብን። ድሮ ውሃችሁ ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ሲደርቅ ከእኛው ቆላ፣ ከድሬ ዙሪያ ጉድጓዶች በፓምፕ ሽቅብ ይወጣላችሁ ጀመር። ድንጋዩም አብሮ ወጥቷል። ብርዱ ደግሞ የእናንተ ስለሆነ ቦይለሩን ከእኛ በላይ ትለኩሱታላችሁ።

ድንጋዩ ሬዚስታንሱን እንደ ጋቢ ይለብሰዋል። በግንቦት ድሬ መሀል ጋቢ ለብሶ የቆመ ሰው አስቡ። ከጋቢው ውጭ ያለው ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን እየጋለ ይሄዳል። በመጨረሻ ወይ ሽቦው ይበጠሳል፣ ወይ ቱቦው ይሰነጠቃል። ሽቦው ቢበጠስ ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ ያለፈ ጉዳት የለውም። ቱቦው ቢሰነጠቅ ግን ኤሌክትሪኩ ውሃው ውስጥ ይገባል። ኤሌክትሪክ ሲሾልክ የሚቆርጥ ብሬከር ያለበት ቤት ወዲያው ይቆርጣል። ኧርዝ፣ ማለትም የሾለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ የሌለው ቤት ደግሞ ሻወሩ መንዘር ይጀምራል። ‹ትንሽ ይነዝራል› እያሉ የሚታጠቡ ሰዎች አውቃለሁ። አቦ፣ ትንሽ መንዘር የሚባል ነገር የለም። ብሬከሩን አጥፉና ሰው ጥሩ።

ሁለተኛው ገዳይ ባዶ ሆድ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ያልቃል። ቦይለሩ ቀዝቃዛ ውሃ የሚገባበት ቱቦ ላይ ማንሻ ያላት ትንሽ ቫልቭ አለች። ሁለት ሥራ አላት። የገባው ውሃ ተመልሶ እንዳይወጣ ትይዛለች፤ ግፊት ሲበዛ ደግሞ ታንጠባጥባለች። ይህች ቫልቭ ከተነሳች ወይም ከተበላሸች ከታች ያለ ቧንቧ ሲከፈት የቦይለሩ ውሃ በመጣበት ሊመለስ ይችላል። ሬዚስታንሱ ውሃ በሌለበት ከተለኮሰ ደቂቃዎች ይበቁታል። አንዳንዱ ‹ታንጠባጥባለች› ብሎ ጫፏን ይደፍናታል። አታድርጉት። 50 ሊትር ውሃ ከ25 ዲግሪ ወደ 60 ሲሞቅ ከግማሽ ሊትር በላይ ይሰፋል። ያ ትርፍ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ከተደፈነ የሚፈነዳው ቦይለሩ ነው።

እና ሞቷል ወይስ አልሞተም? መጀመሪያ የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ተርሞስታት እዩ። ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን የሚቆርጥ ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ተጭና የምትመለስ ትንሽ ቁልፍ አለች። እሷን ብቻ ተጭኖ የአዲስ ሬዚስታንስ ሒሳብ የተቀበለ ባለሙያ ገጥሞኛል። ከዚያ ሬዚስታንሱን በመልቲሜትር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ለኩት፤ ብሬከሩ ጠፍቶ፣ ሽቦዎቹም ተነቅለው ነው እንጂ እንዲሁ አይደለም። ባለ 1500 ዋት 32 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ባለ 2000 ዋት 24 አካባቢ። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። አንዱን ጫፍ በሽቦው መያዣ፣ ሌላውን በቦይለሩ ብረት አድርጋችሁ ስትለኩ ደግሞ ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ እያሾለከ ነው።

የአክስቴ ተበጥሶ ነበር። ቀጥሎ ውሃውን ማፍሰስ መጣ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው፤ እኔም ተቸግሬበታለሁ። ከዚያ በፊት በሌላ ጊዜ በራሴ እጅ ልሞክር ብዬ የውሃ መግቢያውን ዘጋሁ፣ ከመታጠቢያው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፈትኩ። ትንሽ ፈሰሰና ቆመ። አለቀ ብዬ ቡሎኑን ላላ ሳደርገው 50 ሊትር ውሃ ክርኔ ላይ ወረደ። ደግነቱ ቀዝቅዟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙቅ ውሃ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ መውጫው ቱቦ አፉ ያለው ቦይለሩ አናት አጠገብ ነው። ቀዝቃዛው የሚገባው ግን ከሥር ነው። ከሥር አዲስ ውሃ ካልገፋው ሙቁ አይወጣም። ስለዚህ ቦይለር በሙቅ ቧንቧ በኩል አይፈስም፤ የሚፈሰው በገባበት፣ በቀዝቃዛው በኩል ነው። የሙቁን ቧንቧ የምንከፍተው አየር እንዲገባበት ነው። ጀሪካን ስትደፉ ‹ቡልቅ ቡልቅ› የሚለው በአንድ አፍ ውሃ ሲወጣ አየር ሲገባ ስለሚጋፉ አይደል? ለቦይለሩ ሁለት አፍ ስጡት፣ ዝም ብሎ ይወርድላችኋል።

ኤሌክትሪሺያኑ የሰራው ይህንኑ ነው። ብሬከሩን አጥፍቶ በቴስተር አረጋገጠ። ውሃው ለብ እስኪል ጠበቅን፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ቆዳ ያቃጥላል። መግቢያውን ዘጋ፣ የሙቁን ቧንቧ ከፈተ፣ ከዚያ ያቺን ትንሽ ቫልቭ ፈትቶ በቦታዋ ጎማ አሰረ። በማንሻዋ ብቻም ይፈሳል፣ ግን ቡና አፍልታችሁ ሦስተኛውን ትጨርሳላችሁ። አክስቴ አንዲት ጠብታ መሬት እንድትነካ አልፈቀደችም። ሁለት ባልዲ ለወለል፣ የቀረው ለፓፓያዋ።

ከሥር ያለው ክዳን ሲከፈት ሬዚስታንሱ በቡሎን የታሰረ ሳህን ላይ ተሰክቶ ታያላችሁ። ሽቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሷቸው። ሳህኑ ሲወርድ አንድ ጆግ የሚሞላ ነጭ ስብርባሪ አብሮ ወረደ። ሬዚስታንሱ የጨጓራ ፎጣ መስሏል።

‹‹እናቴ፣ ተርሞስታቱን የት ላይ ነው የምታደርጊው?›› አላት ኤሌክትሪሺያኑ አክስቴን።

‹‹መጨረሻው ላይ ነዋ! ለምን ገዛሁት ታዲያ?››

መልሱ እዚያው ነበር። ከ60 ዲግሪ በላይ ድንጋዩ በጣም ይፈጥናል። በጣም ዝቅ ማድረግም ደግ አይደለም፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። 60 አካባቢ ይበቃል። የመጀመሪያውን የቀየረላት ሰው ይህን አልነገራትም። ሆዱንም አልጠረገውም፤ አዲሱን አሮጌው ድንጋይ ላይ ተክሎት ሄደ።

ሬዚስታንሱ ካልተበጠሰ፣ ድንጋይ ብቻ ከሆነ፣ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት። ሽቦው የሚታሰርበት ጫፍ አይንካው። አረፋ እያወጣ ይለቃል። በቢላ አትፋቁት። እዚያው ሳህን ላይ አንድ ዘንግ አለ፤ ማግኒዢየም ነው። ሥራው የቦይለሩን ብረት ተክቶ እሱ መበላት ነው። ከሳሳ አብራችሁ ቀይሩት፣ ያለዚያ ቀጥሎ የሚበላው በርሜሉ ነው። ጓርኒሲዮኑንም፣ ውሃ እንዳያልፍ ሳህኑ ጋ የሚገባውን ጎማ፣ አሮጌውን አትመልሱ። ቡሎኖቹ ደግሞ የመኪና ጎማ እንደሚታሰረው በማዶ በማዶ ይጠበቃሉ፣ አንዱን ጨርሶ ወደ ቀጣዩ አይደለም።

ሲሞላ የሙቁ ቧንቧ ክፍት ይሁን። መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ይንተፋተፋል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይፈሳል። ቀጥ ብሎ ካልፈሰሰ ብሬከሩ አይነካም። እኛ ሥራውን የጨረስነው ረቡዕ ከሰዓት ነበር። ውሃ የመጣው ዓርብ ሌሊት ነው። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ብሬከሩ ላይ ፕላስተር ለጥፈን፣ አክስቴ በእስክሪብቶ ‹‹ውሃ የለም›› ብላ ጻፈችበት።