ሊኑክስን ወደ ትልቅ ሀርድ ዲስክ ማዛወር፦ የሚወራውና እውነታው

ዲስኩ ሲሞላ ትልቅ ገዝቶ መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም። ሰው የሚቸገረው ከሰፈር በሰማው ወሬ ነው።

«ኮፒ ፔስት ካደረግኩ አለቀ»

አላለቀም። የፋይሉ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያነበውና ማን እንደሚያስኬደው የሚናገረው መረጃም አብሮ መሄድ አለበት። ተራ ኮፒ እሱን ያበላሸዋል፤ ከዚያ ፓስዎርዳችሁ ትክክል ሆኖ እንኳ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠው ትእዛዝ) እምቢ ይላል። አርሲንክ የሚባለውን የመገልበጫ ትእዛዝ በአርካይቭ ሞድ (ይህን መረጃ ጠብቆ በሚገለብጥበት መንገድ) ተጠቀሙ፣ ሀርድ ሊንክን (የአንድ ፋይል ተጨማሪ ስም) እና ኤሲኤልን (ተጨማሪ የፈቃድ ዝርዝር) ግን ለብቻ ማዘዝ ያስፈልጋል። ፕሮክ፣ ሲስ እና ዴቭ የሚባሉት ፎልደሮች ውስጥ ያለውን ተዉት። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሲነሳ የሚሞላቸው ናቸው፤ ባዶ ፎልደሮቹ መኖራቸው ይበቃል። ሌላው የሚረሳው ኤፍኤስታብ ነው፣ ሲስተሙ ሲነሳ የትኞቹን ዲስኮች እንደሚከፍት የሚነግረው ፋይል፦ እዚያ የአሮጌው ዲስክ ዩዩአይዲ (መለያ ቁጥር) ተጽፎ ከቀረ ሲስተሙ የሌለ ዲስክ ሲጠብቅ ይቆማል። ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም ግራብም አዲሱ ላይ እንደገና ይጫናል።

«ዲዲ እያለ ምን አስጨነቀህ?»

ዲዲ የሚባለው ትእዛዝ ዲስኩን ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው እንዳለ ይገለብጣል፣ ግራቡም ዩዩአይዲውም ሳይቀር። ችግሩ የ500 ጊጋባይቱን ወደ 2 ቴራባይት ስትገለብጡ ፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፍልፋይ) ያው 500 ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ፓርቲሽኑን፣ ቀጥሎ በውስጡ ፋይሎቹ የሚደራጁበትን ፋይል ሲስተም ማስፋት የእናንተ ሥራ ነው። ሁለቱን ዲስኮች አብራችሁ ሰክታችሁ አታስነሱ፤ ዩዩአይዲያቸው አንድ ስለሆነ ከየትኛው እንደተነሳ አይታወቅም። ምንጩንና መድረሻውን ካምታታችሁ ደግሞ ባዶውን ዲስክ በዳታችሁ ላይ ይደፋዋል፣ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎም አይጠይቅም።

ለእኛ ለአዲስ አበባ ዳር ሰፈር ሰዎች፣ ለቱሉ ዲምቱም ለኮዬ ፈጬም፣ ሌላ ጣጣ አለ፤ መብራት። 500 ጊጋባይት በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ወደ 4 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ዴስክቶፕ ላይ እየገለበጣችሁ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ዲዲ እንደገና ሲታዘዝ ከዜሮ ይጀምራል፣ አርሲንክ ግን ያለቀውን ፋይል ዘሎ የቀረውን ይቀጥላል። እኔ በዚህ ብቻ አርሲንክን እመርጣለሁ።

«ኮምፒውተሩ እየሠራም ይገለበጣል»

ይገለበጥ ይሆናል፣ ግን ዳታቤዝ እየተጻፈበት የተገለበጠ ፋይል ግማሹ የድሮ ግማሹ የአሁን ሊሆን ይችላል። ከላይቭ ፍላሽ (ዲስኩ ላይ ሳይጫን የሚነሳ ሊኑክስ ካለበት ፍላሽ) አስነስታችሁ ሥሩ።

«ከነአካቴው እንደ አዲስ መጫን ይሻላል»

የኢንተርኔት ፓኬጅ የሚገዛላችሁ ካለ። ሲስተሙ ጤነኛ ከሆነ የዲስክ መቀየር እንደ አዲስ መጫንን አይጠይቅም፤ ጊጋባይቱን ለሌላ ነገር አውሉት።

«ሊኑክስ ከ2 ቴራባይት በላይ አያይም»

ያያል። ገደቡ የአሮጌው የኤምቢአር ፓርቲሽን ሠንጠረዥ (የዲስኩ ክፍልፋዮች የሚመዘገቡበት) ነው። አዲሱን ዲስክ ስታዘጋጁ አዲሱን የሠንጠረዥ ዓይነት ጂፒቲን ምረጡ። አሮጌውን ዲስክ ደግሞ አዲሱ ብቻውን ተሰክቶ በደንብ እስኪነሳ ፎርማት አታድርጉት፤ ገዢ በር ላይ ቢቆምም።