«ሰፊ ሱሪ ለረጅም ሰው ነው» ለምትሉኝ ሁሉ

ሰሞኑን ስፌት ቤቴ የሚገቡት ሴቶች አንድ ዓይነት ነገር ይዘው ነው የሚመጡት። ስልካቸውን አውጥተው ሊነን ከሚባለው ጨርቅ የተሰፋ ሰፊ ሱሪ ፎቶ ያሳዩኛል። ወደውታል፣ ከፊታቸው ያስታውቃል። ከዚያ ስልኩን መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱና «ለእኔ ግን አይሆንም አይደል? አጭር ነኝ እኮ» ይላሉ። ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ፍርዱን ቤታቸው ጨርሰው ነው የመጡት።

ባሕር ዳር ላይ ልብስ መስፋት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ይህን ነገር መስማት ታክቶኛል። አሁን ደግሞ ወሩ መጋቢት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም እስከ ግንቦት ድረስ የቀትሩ ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። በዚህ ፀሐይ እግር ላይ የተጣበቀ ጂንስ ለብሶ ከገበያ እስከ ጣና ዳር መሄድ ራስን መቅጣት ነው። ሰው በተሳሳተ ወሬ ምክንያት ሲቀጣ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

«ሰፊ ሱሪ አጭር ሰው ያሳጥራል።»

አያሳጥርም። የሚያሳጥረው ልኩን ያልጠበቀ ሱሪ ነው። ሁለት ቦታ ብቻ እዩ፦ ወገቡ የት ተቀምጧል? ጫፉስ የት ያልቃል? የሰው ዓይን እግራችሁን የሚለካው ሱሪው ከሚጀምርበት እስከሚያልቅበት ነው። ወገቡ እምብርት ላይ ከተቀመጠ እግራችሁ ከእምብርት የጀመረ ይመስላል። ዳሌ ላይ ከወረደ ግን ያንን ሁሉ ስንዝር በከንቱ አጣችሁት። ጫፉም እንደዚያው ነው። የጫማውን ላይ ሸፍኖ ከመሬት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲያልቅ እግር ይረዝማል። ባት መሀል ላይ ሲያልቅ እግርን ለሁለት ይቆርጠዋል።

አምና አንዲት አስተማሪ መጣች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ52 ነው። የተሰፋ ሊነን ሱሪ ገዝታ ለብሳዋለች፣ አልወደደችውም። «አላልኩሽም? ሰፊ ነገር አይሆነኝም» አለችኝ። አየሁት። መሬት እየጎተተ ስላስቸገራት ራሷ በእጇ አጥፋ ከቁርጭምጭሚት በላይ አድርጋ ሰፍታዋለች። ወገቡን ደግሞ ዳሌዋ ላይ በቀበቶ ይዛዋለች። ከላይ እስከ ጭኗ የሚደርስ ልቅ ሸሚዝ አለ። «ጫማሽስ?» አልኳት። በባዶ እግሯ መስታወቱ ፊት ቆማለች። ሁልጊዜ የምታደርገው ሶሉ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ነጠላ ጫማ ነው። እሱን አድርጊ አልኳት።

ተንበርክኬ የሰፋችውን ክር በምላጭ ፈታሁት። እጥፋቱ ሲዘረጋ የድሮው ጫፍ ላይ የአቧራ መስመር ነበር። ማስመሪያውን ወለሉ ላይ አቁሜ በዙሪያው መርፌ ቁልፍ ሰካሁ፣ ከመሬት 1 ሴንቲ ሜትር። ተነሥቼ ወገቡን አራት ጣት ያህል ሳብኩትና ከኋላ ትርፉን ያዝኩላት። ሸሚዙን ወደ ውስጥ አስገቢው አልኳት። ሌላ ምንም አልነካሁም። ሱሪው ያው ሱሪ፣ ሰውዬዋም ያቺው ሰው ናት። መስታወቱን አየች፣ ወደ ጎን ዞረች፣ እንደገና አየች። ምንም አላለችም። ቆይታ «ጥቁሩንም ትሠሪልኛለሽ?» አለችኝ።

ይህን የምነግራችሁ ስለ እሷ ለማውራት አይደለም። ሁላችሁም የምትሠሩት ስሕተት እሷ ላይ አንድ ላይ ስለተገኘ ነው። ስለዚህ ልብ በሉ። ሱሪ ሲለካ የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ ነው። በሸበጥ የተለካ ሱሪ በታኮ ጫማ ያጥራል፣ በታኮ የተለካ በሸበጥ ይጎተታል። አንድ ሱሪ ለሁለቱም አይሆንም፤ የትኛውን እንደምታዘወትሩ ወስናችሁ ኑ። የእግሩ ስፋትም በቁመት ይለያያል። እኔ ከ1 ሜትር ከ55 በታች ለሆነች ሴት ጫፉን ሁለት እጥፍ አድርጌ ሳስተኛው 26 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አደርገዋለሁ። ለረጅሟ 32 ቢሆንም ያምራል። ከፊት የሚታጠፈውን እጥፋት ከወገቡ በታች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰፍቼ አስተኛዋለሁ። ክፍት ከተተወ ሆድ ላይ ይነፋል። ላስቲክም ከኋላ ብቻ ነው፣ ከፊት ጠፍጣፋ ወገብ ይሁን። ጎን ላይ የሚለጠፍ ትልቅ ኪስ ደግሞ በፍጹም አትጠይቁኝ።

የላዩ ልብስ ነገርማ ዋናው ነው። ከታች ሰፊ ከሆነ ከላይ ሰብሰብ ይበል። ቦዲ፣ ወገብ ላይ የሚያልቅ ካናቴራ፣ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ሸሚዝ። ከላይም ከታችም ልቅ አድርጋችሁ ሱሪውን አትውቀሱት።

«ወፍራም ያስመስላል።» ተቃራኒው ነው። የተጣበቀ ጨርቅ እያንዳንዷን እጥፋት ያሳያል። ሰፊው ከዳሌ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እናቴ ዛሬም «ቦላሌ» ነው የምትለው፣ በ1960ዎቹ ፋሽን እንደነበር እያስታወሰች። ወፍራሞቹም ቀጫጭኖቹም ይለብሱት ነበር ትላለች።

«ለሙቀት አጭር ልብስ ይሻላል።» ጥላ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው እሺ። መንገድ ላይ ለሚሄድ ግን ፀሐዩ በቀጥታ ቆዳ ላይ ያርፋል። ሰፊ ሱሪ እግርን ያጠላል፣ በጨርቁና በቆዳው መሀል ደግሞ አየር ይመላለሳል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ነፋሱ ሲነሣ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። ሲመሽ ጣና ዳር የሚቀመጥ ሰው የወባ ትንኝንም አይርሳ።

«ሊነን የፈረንጅ ጨርቅ ነው፣ እኛ አናውቀውም።»

ይሄኛው ያሳዝነኛል። ሊነን ተልባ ነው። አዎ፣ በጾም ቆልተን ወቅጠን የምንጠጣው ተልባ። እኛ ፍሬውን ብቻ እንወስዳለን፤ ጨርቁ የሚሠራው ከአገዳው ልጥ ነው። ለጨርቅ የሚዘራው ዝርያ ረዘም ይላል፣ ቅርንጫፍ አያበዛም። ልጡ እንዳያጥር አይታጨድም፣ ከነሥሩ ይነቀላል። ከዚያ ይዘፈዘፋል፣ ይደርቃል፣ ይሰበራል፣ ይበጠራል፣ ይፈተላል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የተልባ እግር» የሚለው ይህንኑ ነው። ትንቢተ ሕዝቅኤል 44፥18 ላይ ካህናቱ በወገባቸው የተልባ እግር ሱሪ እንዲያደርጉና የሚያልባቸውን ነገር እንዳይታጠቁ ታዝዟል። ስለ ሱሪውም ስለ ላቡም ያን ጊዜ ታውቆ ነበር ማለት ነው።

ለምን እንደማያልብ ልንገራችሁ። ሊነን በተለመደው አየር ውስጥ ደረቅ መስሎ ሳለ ከክብደቱ 12 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል። ጥጥ 8 በመቶ ገደማ ነው። ፖሊስተር የሚባለው የፕላስቲክ ክር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ላባችሁን ሊነኑ ይጠጣዋል፣ ቶሎም ለነፋስ ይሰጠዋል። ፖሊስተሩ ቆዳችሁ ላይ ይተወዋል።

«ሊነን ገዝቼ ለብሼ ነበር፣ እንዲያውም የባሰ አቃጠለኝ።»

ሊነን አልገዛችሁም። አንዲት ደንበኛዬ ሦስት ሜትር ጨርቅ «ንጹሕ ሊነን» ተብላ በውድ ገዝታ መጣች። ሲነኩት ሞቅ ይላል፣ ክሩም ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው። ሊነን ሲነኩት ቀዝቀዝ ይላል፤ ክሩም አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል። ከዳሩ አንድ ክር መዝዤ በወረንጦ ይዤ ሰሐን ላይ ክብሪት ለኮስኩበት። ክሩ ተሸበሸበ፣ ቀለጠ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠጣር ጠብታ ሆኖ ቀረ። ፕላስቲክ ፕላስቲክ ሸተተ። ሴትየዋ ጠብታውን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው፣ አልፈርስ አለ። ሊነን ቢሆን እንደ ወረቀት ነድዶ፣ እንደ ወረቀት ሸትቶ፣ ሲነኩት የሚበተን ግራጫ አመድ ይሆን ነበር።

ጥጥም እንደዚሁ ስለሚነድ ይህ ፈተና ሊነንን ከጥጥ አይለይላችሁም። ከፕላስቲክ ግን ይለይላችኋል፣ ለሙቀት ዋናው እሱ ነው። ከጥጥ ጋር የተቀላቀለ ሊነን ብታገኙ ውሰዱት። ጥሩ ነው፣ መጨማደዱም ይቀንሳል።

«ይጨማደዳል፣ ሰው ያልተኮስኩት ይመስለዋል።»

ይጨማደዳል፣ አልዋሻችሁም። የተልባ ክር አይለጠጥም፤ የታጠፈበት ቦታ ይቀራል። ባጃጅ ውስጥ አሥር ደቂቃ ከተቀመጣችሁ ጭናችሁ ላይ መስመር ይወጣል። ግን ለስላሳ ጭምድድና ቅርጫት ውስጥ የከረመ ጭምድድ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የጨርቁ ጠባይ ነው፣ ሰውም ያውቀዋል። ሁለተኛው ስንፍና ነው።

ታጥቦ ሲወጣ አትጠምዝዙት። ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል አራግፉና ወገቡን ይዛችሁ ስቀሉት፤ የውሃው ክብደት ራሱ ያቃናዋል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ገና እርጥበት እያለው፣ በጋለ ካውያ ተኩሱት። ጥቁር ወይም ደማቅ ቀለም ከሆነ በውስጥ በኩል ነው የሚተኮሰው፣ አለበለዚያ ያብለጨልጫል። ከደረቀ በኋላ የምትታገሉ ከሆነ መብራት ብቻ ነው የምታባክኑት። መብራት ከጠፋ ደግሞ ወላጆቻችን ያደርጉት እንደነበረው አስተካክላችሁ አጥፋችሁ ፍራሽ ሥር አስተኙት። ይሠራል። ጨርቅ ስትመርጡ ደግሞ ለሱሪ ወፈር ያለውን ያዙ፣ በካሬ ሜትር ከ170 እስከ 220 ግራም የሆነውን። ስሱ የሸሚዝ ሊነን ለሱሪ ሲሆን ጉልበቱ ላይ ወዲያው ይወጣጠራል።

«ውሃ ያበላሸዋል።» ሊነን ሲረጥብ ይበልጥ ይጠነክራል እንጂ አይሳሳም። የሚያስፈራው የመጀመሪያው እጥበት ነው፣ ያኔ ጨርቁ ተሰብስቦ ያጥራል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ጨርቁን ሳልዘፈዝፍ ቆርጬ ሰፋሁ። የደንበኛዬ ሱሪ ታጥቦ 4 ሴንቲ ሜትር አጠረ። በራሴ ገንዘብ ሌላ ጨርቅ ገዝቼ ሰፋሁላት። ከዚያ ወዲህ አንድም ሊነን ሳይዘፈዘፍ መቀስ አላስነካሁም። እናንተም ለሰፊያችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ።

«ከነጭ ሊነን ሥር ነጭ ነው የሚለበስ።» ነጩ ይታያል። የቆዳችሁን ቀለም የመሰለ አድርጉ።

«በሳይክል አይሆንም።» የባሕር ዳር ሰው ሆኖ ሳይክል መተው ይከብዳል፣ ይገባኛል። ሰንሰለቱ በቀኝ በኩል ነው ያለው። ከሱሪው ትራፊ ጨርቅ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ማሰሪያ እሰፋላችኋለሁ። የቀኙን እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ጠቅልላችሁ እሰሩበት። ስትወርዱ ፈታችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱት።

«በጣም ሰፊ ስለሆነ ለገዳም እንደ ቀሚስ ይቆጠራል።»

ይሄን ያመጡት ከሌላ ከተማ ዘጌን፣ ጣና ላይ ያለውን የገዳማት ባሕረ ገብ መሬት፣ ለማየት የሚመጡ እህቶች ናቸው። አይቆጠርም። ምንም ያህል ቢሰፋ ሱሪ ሱሪ ነው። ለሞተር ጀልባው በጣም ጥሩ ነው፤ ውሃው ቢረጨውም ወዲያው ይደርቃል፣ ከጀልባው ወርዳችሁ በቡናው መሀል ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስትወጡም እግራችሁን አይዝም። ግን ቦርሳችሁ ውስጥ ስስ ረጅም ቀሚስና ነጠላ ያዙ። ግቢው በር ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ቀሚሱን ከሱሪው በላይ አጥልቁት። ሊነኑ ስለማያሞቅ ከሥር ሆኖ አያስቸግርም፣ የሱሪውን ጫፍ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ካጠፋችሁት ከቀሚሱ ሥር አይታይም። ጫማችሁን አውልቃችሁ ስለምትገቡ ደግሞ ሳታጥፉት ብትገቡ በታኮ የተለካው ሱሪ ወለሉን ይጠርጋል።