እባካችሁ ማር አትስጧቸው፦ ስለ ሃሚንግበርድ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ከኦክላንድ ወደ ሰሜን ጥቂት ደቂቃ ከነዳችሁ፣ በርክሌይን አለፍ እንዳላችሁ አልባኒ በልብ የሚባል ቦታ አለ። ወደ ሳንፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ገባ ያለ መሬት ነው። ድሮ የሕንፃ ፍርስራሽ ይደፋበት ነበር። ዛሬ የባሕር ዳር ፓርክ ሆኗል። በኮንክሪቱና በዛገው ብረት መሃል እንስላል በቅሎበታል፤ በበጋ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ባሕር ዛፍም አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ብዙ ጊዜ እዚያ ነኝ። ጓደኞቼ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣባቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ሃሚንግበርዶቹን አሳያቸዋለሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር የምትመዝን ወፍ አየር ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም አይቶ የማይደነቅ ሰው አላጋጠመኝም። ግን በየሳምንቱ የምሰማው ስህተትም ያው ነው። አንዳንዱ ጉዳት የለውም። አንዳንዱ ግን ወፏን ይገድላታል። በዚህ የተነሳ ነው ይህን የምጽፈው። ወራቱም፣ ዓመታቱም፣ በጋና ክረምቱም የፈረንጅ ናቸው።

«ማር ከስኳር ይሻላቸዋል»

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በተለይ ከእኛ ሰው ስለምሰማው።

ባለፈው ዓመት የአንድ ጓደኛዬ እናት ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። በረንዳው ላይ ለወፎቹ ጠርሙስ ተሰቅሏል። ውስጡ ያለው ስኳር ውሃ መሆኑን ሲሰሙ አዘኑ። «ምነው ልጄ፣ ማር እያለ ለዚህች ሚጢጢ ፍጥረት ስኳር ትሰጣላችሁ?» አሉ። ከአገር ቤት ይዘውት ከመጡት ነጭ ማር ቆንጥረው በሞቀ ውሃ በጠበጡና ጠርሙሱን ሞሉት። ያደረጉት በቅንነት ነው። በእኛ ቤት ማር ለሳልም ለቁስልም መድኃኒት ነው፤ ለወፍ ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል?

በአራተኛው ቀን ቤታቸው ስሄድ ፈሳሹ ደፍርሷል። ጠርዙ ላይ አረፋ ይዟል። ወፏ ምንቁሯን የምትከትበት ቀዳዳ ዙሪያውን ጥቁር ሻጋታ አውጥቷል። ጠርሙሱን አውርጄ ሳሸተው ገና ያልደረሰ ጠጅ ይሸታል።

«እማማ፣» አልኳቸው፣ «ማር በውሃ በርዘው ሙቀት ላይ ሲያስቀምጡት ምን ይሆናል?»

«ይብላላል እንጂ!»

«ይኸው ነው እማማ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ደፉት።

ብርዝ ሲያድር ምን እንደሚሆን ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ የለም። ታዲያ ወፍ ጋ ሲደርስ ለምን እንረሳዋለን? ማር ወፍራም እስከሆነ ድረስ ምንም አያበቅልበትም። ውሃ ሲነካው ግን ውስጡ ተኝቶ የነበረው እርሾና ሻጋታ ይነሳል። ሃሚንግበርድ በቀን ከክብደቷ የሚበልጥ ፈሳሽ ልትጠጣ ትችላለች። የተበላሸ ነገር ከሰጣችኋት ደጋግማ የምትጠጣው ያንኑ ነው።

የስህተቱ ምንጭ አንዱ ቋንቋችን ይመስለኛል። ኔክታርን «የአበባ ማር» እንለዋለን። ስለዚህ ወፏ ማር የምትበላ ይመስለናል። አበባው ውስጥ ያለው ግን ማር አይደለም። ስስ ስኳር ውሃ ነው። ማር የሚሆነው ንቧ ከወሰደችው በኋላ ነው። ንቧ በራሷ ኢንዛይም ስኳሩን ግሉኮስና ፍሩክቶስ አድርጋ ትከፋፍለዋለች፣ ከዚያም ውሃውን ታደርቀዋለች። ሃሚንግበርድ የሚያዘወትራቸው አበቦች ላይ የሚበዛው ስኳር ደግሞ ሱክሮስ ነው። ሱክሮስ ማለት ሱቅ የምትገዙት ነጭ ስኳር ነው። «ተራ» ብላችሁ የናቃችሁት ስኳር ለወፏ ከማር ይልቅ ለአበባው ይቀርባል።

ልኩን ያዙ። አንድ ኩባያ ነጭ ስኳር ለአራት ኩባያ ውሃ። ሌላ ምንም። ቡናማ ስኳር አይሆንም። ለስኳር ሕመምተኛ የሚሸጠው ማጣፈጫም አይሆንም፤ ጉልበት ስለሌለው ወፏን ሆዷን ሞልቶ ያስርባታል። ሙቀት ሲሆን በየሁለት ቀኑ፣ ሲቀዘቅዝ ቢበዛ በየአራት አምስት ቀኑ ድፉና ቀይሩት። ስትቀይሩ ከላዩ አትጨምሩበት። ጠርሙሱን በሙቅ ውሃና በብሩሽ እጠቡት፣ ቀዳዳዎቹንም ጭምር። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው ሰው ጠርሙስ ባይሰቅል ይሻላል። አበባ ይትከል። እሬት እዚህ በክረምት ያብባል፤ ወፎቹ ይወዱታል። ብርቱካናማ አበባ ያለው የደቡብ አፍሪካ ተክልም በካሊፎርኒያ ግቢዎች በብዛት አለ። የእኛው የፈረስ ዘንግ የቅርብ ዘመድ ነው። አንዱን በረንዳ ላይ በማሰሮ አስቀምጡት፤ ወፏ ራሷ ፈልጋ ታገኘዋለች።

«ውሃውን ቀይ ማድረግ አለባችሁ»

የለባችሁም። የጠርሙሱ ቀይ ክፍል ይበቃል። ቀለም ምግብ አይደለም።

«በመስከረም ጠርሙሱን ካላወረድን ሳይሰደዱ ይቀራሉ»

በልብ ላይ ዓመቱን ሙሉ የምታዩት የአና ሃሚንግበርድ የሚባለውን ነው። ከዚህ ባሕር ዳር አይሰደድም። እንዲያውም ብዙዎቹ ጎጆ የሚሠሩት በታኅሣሥና በጥር ነው። የሚሰደደው የአለን ሃሚንግበርድ የሚባለው፣ ጎኑ ቡናማ ቀይ የሆነው ነው። ክረምቱን ሜክሲኮ ያሳልፋል፣ በጥር መጨረሻና በየካቲት ይመለሳል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ይሄዳል። ስለዚህ በፈረንጅ መስከረም «ይሂዱ» ብላችሁ ጠርሙስ ስታወርዱ የሚሄዱት ሄደዋል። የቀሩት ድሮም አይሄዱም። ለስደት የሚያነሳሳቸው የቀኑ ርዝመት ነው። በረንዳችሁ ላይ ያለው ስኳር አይደለም።

ዝይ ጀርባ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰደዱት የሚል ሰውም አጋጥሞኛል። ውሸት ነው። ሩፈስ የሚባለው ዝርያ ከአላስካ እስከ ሜክሲኮ ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል በራሱ ክንፍ ይበራል።

«ኔክታር ብቻ ነው የሚበሉት»

እንስላሉ ጋ ቁሙና እዩ። ወፏ ደረቁ ዘንግ ጫፍ ላይ ታርፋለች። በድንገት ትነሳለች፣ አየር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ትታጠፋለች፣ ተመልሳ ታርፋለች። ትንኝ እየያዘች ነው። ጫጩት ደግሞ በስኳር ብቻ አያድግም። ላባና ጡንቻ የሚሠራው ከነፍሳት በሚገኘው ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ግቢያችሁ ላይ ፀረ ተባይ ረጭታችሁ ጠርሙስ ብትሰቅሉ ምሳዋን ወስዳችሁ ሻይ እንደ መስጠት ነው።

«መቼም አያርፉም» የሚባለውም ትክክል አይደለም። የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ቁጭ ብለው ነው የሚያሳልፉት። ምላሳቸውም እንደ ስትሮ አይመጥም። ጫፉ ሁለት ላይ የተሰነጠቀ ነው፤ ፈሳሹ ውስጥ ሲገባ ይከፈታል፣ ሲወጣ ፈሳሹን ይዞ ይዘጋል። ይህ በፈጣን ካሜራ ተቀርጾ በ2011 ታትሟል።

«ያ ፉጨት ከጉሮሮው ነው የሚወጣው»

ይህን ስህተት ሳርም ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም መልሱ የተገኘው እዚሁ ፓርክ ውስጥ ነው።

ከኅዳር ጀምሮ የአና ወንድ ራሱን ቁልቁል ሲወረውር ታዩታላችሁ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ 30 ሜትር ያህል ይወጣል። ነጥብ ሆኖ እስኪጠፋችሁ ድረስ። ከዚያ ወደ ሴቷ ይወረወራል። መሬት ሊነካ ሲል ወደ ላይ ይታጠፋል፣ በዚያች ቅጽበት «ጪው!» የሚል ስል ድምፅ ትሰማላችሁ። ሰዎች ለረጅም ጊዜ ከጉሮሮ ነው ከጭራ ነው እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። የበርክሌይ ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ክላርክና ቴሬሳ ፌዮ በፈጣን ካሜራ ቀረጹት። የውጩን የጭራ ላባዎች ሲነቅሉ ድምፁ ጠፋ። ላባውን ብቻውን ይዘው በኃይል አየር ሲነፉበት ያው ድምፅ ወጣ። ጥናቱ በ2008 ታተመ። ወፉ ጭራውን የሚከፍተው ለቅጽበት ነው፤ ድምፁም በዚያች ቅጽበት ያልቃል።

በጉሮሮውም ይዘምራል። ቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያሰማው የተፋቀ ቆርቆሮ የሚመስል ድምፅ የጉሮሮው ነው። ስሙን ያገኘበት እምምም የሚለው ደግሞ የክንፉ ነው።

የወንዱ ጉሮሮና ግንባርም ቀይ ቀለም የለበትም። ላባው ላይ ያሉት ጥቃቅን ንጣፎች ብርሃኑን ሲመልሱት ነው ደማቅ ሮዝ የሚሆነው። ዞር ሲል ጥቁር ይሆናል። «ሁለት ዓይነት ወፍ አየሁ» የምትሉኝ አንድ ወፍ ነው ያያችሁት።

«አገራችንም ሞልቷል»

የለም። ይህን ስናገር የሚቆጡኝ ሰዎች አሉ። ሃሚንግበርድ ዛሬ ከአላስካ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ብቻ ነው የሚኖረው። ከ350 በላይ ዝርያ አለው፣ አንዱም አፍሪካ ውስጥ የለም። በልጅነታችሁ ግቢ ውስጥ ያያችሁት፣ ምንቁሩ ቆልመም ያለው፣ የሚያብረቀርቀው ወፍ ሰንበርድ ይባላል። ከሃሚንግበርድ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። ሁለቱም አበባ ስለሚቀስሙ ነው መልካቸው የተቀራረበ። ሰንበርድ ብዙውን ጊዜ ቅርንጫፍ ይዞ ነው የሚመገበው፤ ሃሚንግበርድ ግን አየር ላይ ባለበት ቆሞ፣ ሲፈልግም ወደ ኋላ በሮ።

የእኛው ደግሞ የሚናቅ አይደለም። በደጋው የምናየው ባለ ረጅም ጭራ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ሐምራዊ የሚሆነው ሰንበርድ በዓለም የሳይንስ መጽሐፍ ሁሉ ስሙ ታካዜ ነው፤ ከተከዜ ወንዝ። በሌላ ወፍ ስም መጥራታችን ያሳዝነኛል።

«ሞታ አገኘኋት»

አንስታችሁ ከመጣላችሁ በፊት ጠብቁ። ቀዝቃዛ ሌሊት ላይ ሃሚንግበርድ ጉልበት ለመቆጠብ ሰውነቷን ታቀዘቅዛለች። 40 ዲግሪ አካባቢ የነበረው ሙቀቷ በብዙ ይወርዳል፣ የልቧ ምት ይዘገያል። አንዳንዴ ተዘቅዝቃ ተንጠልጥላ ትገኛለች። በ2020 የታተመ ጥናት አንዲስ ተራራ ላይ የምትኖር ዝርያ እስከ 3.3 ዲግሪ መውረዷን መዝግቧል። ፀሐይ ስትወጣ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች፣ ከዚያ ትነሳለች። አትነቅንቋት፣ ማሞቂያ አጠገብም አታስቀምጧት። ድመት ካለ ግን ድመቱን አስገቡ።

«እናታቸው ጥላቸው ሄደች»

በየካቲትና በመጋቢት ስልኬ የሚጮኸው በዚህ ነው። ጎጆዋ ከቡና ሲኒ ታንሳለች። በሸረሪት ድር ስለተሠራች ጫጩቶቹ ሲያድጉ አብራ ትለጠጣለች። ውስጧ ሁለት ጫጩት አለ። ሰው ለአሥር ደቂቃ ያያል፣ እናት የለችም፣ «ተጥለዋል» ብሎ ካርቶን ያመጣል።

አባት ድሮም የለም። ወንዱ ጎጆ አይሠራም፣ አይታቀፍም፣ አያበላም። እናት ብቻዋን ናት፤ ስለዚህ ምግብ ፍለጋ መሄድ አለባት። ጫጩቶቹ ላባ ማብቀል ሲጀምሩ ደግሞ ሌሊትም አትታቀፋቸውም። መጥታ አብልታ የምትሄደው በሰከንዶች ነው። ስልካችሁን ዝቅ ብላችሁ ስታዩ ታመልጣችኋለች።

አንድ ጊዜ አንድ ጎረቤቴ ሁለት ጫጩት በጫማ ካርቶን ይዞልኝ መጣ። ስኳር ውሃ ሲያጠጣቸው አድሯል። ምንቁራቸውና ደረታቸው ላይ ስኳሩ ደርቆ ላባቸውን አጣብቆታል። አንዷ እጄ ላይ ሞተች። ሁለተኛዋን ወደ ጎጆዋ መለስናት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እናቷ መጥታ አበላቻት። ሰው ስለነካት አልጣለቻትም። ድሮም አልተወቻቸውም ነበር ማለት ነው።

ጎጆ ካያችሁ ራቅ ብላችሁ ለአንድ ሰዓት ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ተመልከቱ። የጎጆው ጠርዝ ላይ ወይም ከሥሩ ትኩስ ኩስ ካለ እየበሉ ነው። ጫጩቶቹ ዝም ካሉ መልካም ነው፤ ሳያቋርጡ የሚጮሁት ሲርባቸው ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ እናት ጨርሶ ካልመጣች በአካባቢያችሁ ላለ የዱር እንስሳት ማገገሚያ ደውሉ፣ ምንም አታጠጧቸው። ጫጩት ያለበትን ጎጆ ማፍረስም ያለ ፈቃድ ጫጩት ቤት ማሳደግም ከ1918 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ከጎጆ እስኪወጡ ሦስት ሳምንት ያህል ነው የሚፈጅባቸው። ዛፉን የሚገርዝ ሰው የቀጠራችሁ ከሆነ ቀኑን በአንድ ወር ግፉት።