«ቪኧመንስ»፦ የአንድ እንግሊዝኛ ቃል ትርጉምና አመጣጥ

«ቪኧመንስ» በእንግሊዝኛ የስሜትን፣ የንግግርን ወይም የተቃውሞን ብርታት የሚያመለክት ስም ሲሆን፣ ቅጽሉ «ቪኧመንት»፣ ተውሳከ ግሡም «ቪኧመንትሊ» ነው። በመካከሉ የሚጻፈው «ኤች» የተባለው ፊደል በተለመደው አነጋገር አይሰማም። ቃሉ ከመቃወም፣ ከመክሰስ፣ ከመከራከር፣ ከሁሉም በላይ ከማስተባበል ጋር ተጣምሮ ይገኛል። አንድ ሰው የቀረበበትን ክስ በዚህ ዓይነት ብርታት ሲያስተባብል አማርኛ «አጥብቆ አስተባበለ» ይላል፤ «ሽምጥጥ አድርጎ ካደ» ማለትም ይቻል ነበር፣ ነገር ግን ይህኛው አባባል ተናጋሪው መዋሸቱን አስቀድሞ ስለሚፈርድ እንግሊዝኛው ከሚለው አልፎ ይሄዳል። «ቪኧመንስ» የሚናገረው ስለ ኃይሉ እንጂ ስለ እውነትነቱ አይደለም፤ ኃይሉም የእጅ ሳይሆን የቃልና የስሜት ነው።

ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በፈረንሳይኛ በኩል ሲሆን፣ ምንጩ «ቬሄሜንስ» የሚለው የላቲን ቅጽል ነው፤ ትርጉሙም ግልፍተኛ፣ ብርቱ፣ ጋለ ያለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የዘር ሐረግ ግን ሊቃውንትን ያከራክራል። አንደኛው ወገን ቃሉን «ቬሄሬ» ማለትም «መሸከም፣ ማጓጓዝ» ከሚለው ግሥ ያወጣዋል፤ በዚህ አመለካከት ብርቱ ሰው በስሜቱ ተጭኖ የሚወሰድ ሰው ነው። ሌላው ወገን ጉድለትን ከሚያሳየው «ቬ» ከሚለው ቅጥያና «ሜንስ» ማለትም «አእምሮ» ከሚለው ቃል ያያይዘዋል፤ ይህም «ልቡን የሳተ» እንደ ማለት ይሆናል። የመጀመሪያው አስተያየት ከተቀበልነው የቃሉ ዘመዶች ብዙ ናቸው፤ «ተሽከርካሪ» የሚል ትርጉም ያለው «ቪኢክል» እና የቃላት ውርጅብኝን የሚገልጸው «ኢንቬክቲቭ» ከዚያው የላቲን ግሥ የወጡ ሲሆኑ፣ በድምፅ አንድ የሆኑት ሁለቱ «ዌይ»ዎች፣ ማለትም «መንገድ» የሚለው ስምና «መመዘን» የሚለው ግሥ፣ የላቲኑ ግሥ ራሱ ከበቀለበት ጥንታዊ ሥር በጀርማናዊ ቋንቋዎች በኩል የመጡ የሩቅ የሥጋ ዘመዶች ናቸው።

በሮም ቃሉ የንግግር ጥበብ ስያሜም ነበር። ሮማዊው የንግግር ሊቅ ኪኬሮ በ46 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስለ ተናጋሪ በጻፈው ድርሳን፣ ለማስረዳት ረቂቁን፣ ለማስደሰት መካከለኛውን፣ የአድማጭን ልብ ለመመለስ ደግሞ «ቬሄሜንስ» የሆነውን አነጋገር ይመድባል። እንግዲህ ብርታቱ ለእርሱ የቁጣ ግንፍልታ ሳይሆን በቦታው የሚመዘዝ መሣሪያ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ግን ቃሉ ከድምፅም ከስሜትም ተለይቶ የማስረጃ መለኪያ ሆኖ ነበር። የካቶሊክ የሃይማኖት ምርመራ ችሎቶች የመናፍቅነትን ጥርጣሬ ቀላል፣ ብርቱና እጅግ የከፋ በማለት በሦስት ደረጃ ይከፍሉ ነበር፤ «ብርቱ» የተባለው መካከለኛው ደረጃ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ጋሊሌዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. ሰኔ 22 ቀን 1633 በሮም የተፈረደበት በዚህ ደረጃ ሲሆን፣ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን ትምህርቱን በጉልበቱ ተንበርክኮ እንዲክድ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1642 እስኪሞትም ከቁም እስር አልወጣም።

በእንግሊዝኛ ውስጥ ቃሉ በቀደመው ዘመን ለነፋስም ለእሳትም ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዮናስ ላይ የነፈሰውን የምሥራቅ ነፋስ «ቪኧመንት» ይለዋል፤ አማርኛው «ትኩስ» ብሎ ከጉልበቱ ይልቅ ሙቀቱን መርጧል። ዛሬ ይህ አገባብ ሳስቷል፣ ሰዎችና አንደበታቸው ብቻ ቀርተዋል ማለት ይቻላል። ለዚህ አሁን ላለው ትርጉም አማርኛ የቀረበ ቃል ያገኘው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ይመስለኛል፤ ጴጥሮስ ጌታውን እንደማይክድ ሲምል እንግሊዝኛው «ቪኧመንትሊ» ተናገረ የሚለውን፣ የአማርኛው ትርጉም «ቃሉን አበርትቶ» ይለዋል።