ተጋራጅ ጥንድ ኮከቦች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አልጎል የምትባል ኮከብ አለች። ያለ ቴሌስኮፕ፣ በዓይን ብቻ ትታያለች። በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ትደበዝዛለች። ብርሃኗ ከተለመደው ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርድና ተመልሶ ይወጣል። መውረዱም መመለሱም ባንድ ላይ 10 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1783 ጆን ጉድሪክ የተባለ፣ ገና 20 ዓመት ያልሞላው መስማት የተሳነው ወጣት ይህን ዑደት ለካ። ምክንያቱንም ሲገምት፣ አንድ ጨለማ አካል እየዞረ ይጋርዳት ይሆናል አለ። ግምቱ በስፔክትረም፣ ማለትም ብርሃኗ በቀለማት ተዘርዝሮ ሲታይ፣ የተረጋገጠው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1889 ነው፤ ያረጋገጠው ሄርማን ፎግል ነበር።

ዛሬ እንዲህ እየተዟዟሩ አንዱ ሌላውን የሚጋርድ ኮከቦች፣ ማለትም ተጋራጅ ጥንዶች፣ በብዛት ይታወቃሉ። ጋያ የተባለችው መንኮራኩር ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ እጩዎችን መዝግባለች። እነሱን የመለካት ሥራ የሚጀምረው ከአንድ ግራፍ ነው፦ በአግድም ጊዜ፣ በቁም የብርሃን መጠን። ግራፉ ሲታይ ቀላል ነው። ታዲያ ችግሩም እዚህ ጋ ነው፤ የሌለበትን ነገር ማንበብ በጣም ይቀላል።

“ግራፉ ካለ የኮከቦቹ ስፋትና መጠነ ቁስ ተገኘ”

አልተገኘም። በብዛት የማየው ስህተት ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሁለቱን ኮከቦች በሐሳባችሁ እጥፍ አድርጉ። በመካከላቸው ያለውንም ርቀት እጥፍ አድርጉ። የዙር ጊዜያቸውን ግን አትንኩ። ግራፉ ምን ይሆናል? ምንም። ያው ግራፍ ነው። ግርዶሹ ያንኑ ያህል ይጠልቃል፣ ከዑደቱም ያንኑ ያህል ድርሻ ይወስዳል። ስለዚህ ከግራፉ የሚገኘው ንጽጽር ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ኮከብ ራዲየስ በመካከላቸው ካለው ርቀት ስንት እጁ ነው? ምህዋሩ ወደ እኛ ምን ያህል አጋድሏል? የአንዱ ገጽ ከሌላው ስንት እጥፍ ይደምቃል? የዙር ጊዜው ስንት ነው? በቃ። ኪሎሜትርም ኪሎግራምም የለበትም።

ኪሎሜትሩ የሚመጣው ከስፔክትረም ነው። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ የስፔክትረም መስመሮቹ ወደ ሰማያዊ ይሸሻሉ፤ ሲርቅ ወደ ቀይ። ከዚህ ፍጥነቱ በሰከንድ ስንት ኪሎሜትር እንደሆነ ይሰላል።

በቁጥር እንየው። ጥንዶቹ በክብ ምህዋር በ2.5 ቀን አንዴ ይዞራሉ እንበል። የአንዱ ፍጥነት በሰከንድ 95፣ የሌላው 105 ኪሎሜትር ነው። ድምሩ 200። ይህን በ2.5 ቀን ሰከንዶች አባዝታችሁ ለ2π ብታካፍሉ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይወጣል፦ 6.9 ሚሊዮን ኪሎሜትር ገደማ። የዙር ጊዜንና ርቀትን ከመጠነ ቁስ ጋር የሚያያይዘው የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ደግሞ የሁለቱን ድምር መጠነ ቁስ ይሰጣችኋል፤ ከፀሐይ 2.07 እጥፍ። ቀርፋፋው ኮከብ ከባዱ ነው። ስለዚህ ቀርፋፋው 1.09፣ ፈጣኑ 0.98 ይደርሳቸዋል። ግራፉ አሁን ይገባል። የአንዱ ራዲየስ የርቀቱ 0.11 እጅ ነው ካለ፣ ያ ማለት 756,000 ኪሎሜትር ነው። ከፀሐያችን ትንሽ ይበልጣል።

ስፔክትረሙም ብቻውን አይበቃም። የሚያሳየው ወደ እኛ የሚመጣውንና ከእኛ የሚሸሸውን ፍጥነት ብቻ ነው። ምህዋሩ ምን ያህል እንዳጋደለ ካልታወቀ እውነተኛው ፍጥነት አይታወቅም። ያንን የሚነግረን ግራፉ ነው። ደግነቱ፣ ግርዶሽ ለመታየት ምህዋሩ ከጎኑ ሊታይ ምንም ያህል ስለማይቀረው ስህተቱ ጠባብ ነው። ዝንባሌው 85 ዲግሪ ሆኖ ሳለ 90 ነው (ማለትም ምህዋሩ ፍጹም ከጎኑ ይታያል) ብላችሁ ብትሳሳቱ፣ መጠነ ቁሱ የሚዛባው በ1 በመቶ ገደማ ነው።

“ጥልቁ ግርዶሽ ትልቁ ኮከብ የተሸፈነበት ነው”

ጥልቁ ግርዶሽ የሚነግረን የትኛው ኮከብ ይበልጥ እንደሚሞቅ ነው። የትኛው እንደሚበልጥ አይደለም።

ምክንያቱ ቀላል ጂኦሜትሪ ነው። ምህዋሩ ክብ ከሆነ በሁለቱም ግርዶሾች የሚሸፈነው ስፋት እኩል ነው። አንዴ የዚህኛው ገጽ ይሸፈናል፣ አንዴ የዚያኛው። ስፋቱ ያው ሆኖ የጠፋው ብርሃን ከተለያየ፣ ልዩነቱ የመጣው ከገጹ ድምቀት ነው። ድምቀት ደግሞ ከሙቀት ጋር ይሄዳል።

አልጎል ራሷ ጥሩ ማሳያ ናት። ትኩሱ ኮከብ 13,000 ኬልቪን ገደማ ነው፤ ራዲየሱ ከፀሐይ 2.7 እጥፍ ያህል። ጓደኛው 4,500 ኬልቪን ገደማ፣ ራዲየሱ ግን 3.5 እጥፍ። በጥልቁ ግርዶሽ የሚሸፈነው እንግዲህ ትንሹ ነው! ትልቁ ሲሸፈን በዓይን የሚለይ ለውጥ የለም። ጉድሪክም ያያት አንዷን ዝቅታ ብቻ ነበር።

የአልጎል ነገር በዚህ አያበቃም። ትኩሱ ኮከብ መጠነ ቁሱ ከፀሐይ 3 እጥፍ በላይ ነው፤ የሰፋው ጓደኛው 0.7 ገደማ ብቻ። ከባድ ኮከብ ነዳጁን ቶሎ ስለሚጨርስ ቀድሞ ማርጀት ነበረበት። እዚህ ያረጀው ግን ቀላሉ ነው። መልሱ፣ ዛሬ ቀላል የሆነው በፊት ከባዱ ነበር። እያረጀ ሲሰፋ ውጫዊ ጋዙ ወደ ጓደኛው ፈሰሰ። ለኔ ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ደስ የሚለው ይሄ ነው፤ በብርሃን መውጣትና መውረድ የተጀመረ ልኬት ከኮከቦቹ ያለፈ ታሪክ ላይ ደረሰ።

“ጥንድ ከሆኑ ይጋረዳሉ”

አብዛኞቹ አይጋረዱም። ዕድሉን ለመገመት የሁለቱን ራዲየስ ደምሮ በመካከላቸው ላለው ርቀት ማካፈል ይበቃል። ፀሐይን የሚያክሉ ሁለት ኮከቦች በ10 የፀሐይ ራዲየስ ከተራራቁ፣ ዕድሉ 20 በመቶ ነው። የመሬትና የፀሐይን ያህል ከተራራቁ 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። የምናውቃቸው ተጋራጆች በአብዛኛው የተቀራረቡ የሆኑት ለዚህ ነው።

“በሁለት ዝቅታዎች መካከል ያለው ጊዜ የዙር ጊዜው ነው”

ሁለቱ ኮከቦች ከተመሳሰሉ ዝቅታዎቹም ይመሳሰላሉ። ሁለቱን እንደ አንድ የሚቆጥር ሰው የዙር ጊዜውን በግማሽ ይቆርጠዋል። ዑደት የሚፈልጉ ፕሮግራሞችም በዚህ ይሸወዳሉ። ጣጣውም ትንሽ አይደለም፤ ፍጥነቱ ያው ሆኖ የዙር ጊዜው በግማሽ ሲቀነስ መጠነ ቁሱም በግማሽ ይወርዳል። ዝቅታዎቹን እያፈራረቃችሁ ደርቡና በጥልቀት ጥቂት እንኳ ይለያዩ እንደሆነ እዩ። ካልተለያዩ ስፔክትረሙ ይፈርዳል።

“ሁለተኛው ግርዶሽ የዑደቱ እኩሌታ ላይ ከወደቀ ምህዋሩ ክብ ነው”

የግድ አይደለም። ሁለተኛው ግርዶሽ ከእኩሌታው ከተንሸራተተ ምህዋሩ ሞላላ መሆኑ የታወቀ ነው። ተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። የሞላላው ረጅም ዘንግ ወደ እኛ ካቀና፣ ግርዶሹ ልክ እኩሌታው ላይ ይወድቃል። ያኔ የሚያጋልጠው የግርዶሾቹ ርዝመት ነው። ኮከቦቹ ሲቀራረቡ ስለሚፈጥኑ አንዱ ግርዶሽ ያጥራል፤ ሲራራቁ ስለሚዘገዩ ሌላው ይረዝማል። ሁለቱንም ሳይለኩ “ክብ ነው” ማለት ችኮላ ነው።

ሞላላው ራሱም ባለበት አይቆምም፤ ቀስ እያለ ይዞራል። የግርዶሾቹ ሰዓት ለዓመታት ሲመዘገብ ይህ ዙረት ይታያል። ዲ አይ ሄርኩሊስ የሚባሉት ጥንዶች በዚህ ብዙ ሰው አስጨንቀዋል። የምህዋራቸው ዙረት ከሚጠበቀው እጅግ ይዘገይ ነበር። የአንስታይንን የስበት ቲዎሪ እስከ መጠርጠር የደረሱ ነበሩ። በ2009 ነገሩ ተፈታ። ኮከቦቹ በራሳቸው ዘንግ የሚሽከረከሩት ከምህዋሩ ጋር ተስማምተው ሳይሆን በጣም አጋድለው ኖሯል። ቲዎሪው ምንም አልሆነም።

“ከግርዶሽ ውጭ ያለው የግራፉ ክፍል አይጠቅምም”

ይህን የሚል ሰው ቤታ ላይሬ የምትባለውን ተጋራጅ ጥንድ አላየም። የቤታ ላይሬ ግራፍ በ12.9 ቀን ዑደቱ ውስጥ ለጥ ያለ ቦታ የለውም፤ ሁሌም ይወጣል ወይም ይወርዳል። ኮከቦቹ በጣም ሲቀራረቡ ስበት እርስ በርስ ይጎትታቸዋል፣ እንደ እንቁላልም ሞላላ ይሆናሉ። ጎን ለጎን ሲሆኑ ሰፊ ጎናቸው ይታየናል፤ ፊትና ኋላ ሲሆኑ ጠባቡ። ብርሃኑ ያለ ግርዶሽም ይለዋወጣል። ትኩሱ ኮከብ የቀዝቃዛውን አንድ ጎን ስለሚያሞቀው በግራፉ ላይ ሌላ ጉብታ ይጨመራል። በገጹ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ደግሞ ጎን ለጎን ሲሆኑ የሚታዩት ሁለቱ ጉብታዎች እኩል አይሆኑም። ይህ ሁሉ መረጃ ነው።

የደብልዩ ኡርሳ ሜጀሪስ ዓይነቶቹ ከዚህም ያልፋሉ። ኮከቦቹ ተነካክተው አንድ የጋራ ከባቢ ለብሰዋል። ስያሜውን የሰጠችው ጥንድ 8 ሰዓት ውስጥ ዙሯን ትጨርሳለች። ዝቅታዎቿ እኩል ሊባሉ ይችላሉ። ኮከቦቹ ግን እኩል አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን በመጠነ ቁስ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ዝቅታዎቹን እኩል ያደረገው የጋራ ከባቢው ሙቀታቸውን ማስተካከሉ ነው። ጥልቀት ሙቀትን እንጂ መጠንን አይናገርም ያልኩት እዚህም ይሠራል።

“ሞዴሉ ነጥቦቹ ላይ ከገጠመ መልሱ ትክክል ነው”

የተለካውን ብርሃን ነጥቦች የሚመስል ሞዴል የሚፈልገው ሶፍትዌር ሁሌም መልስ ይሰጣል። ነጥቦቹን አቋርጦ የሚያልፍ ያማረ መስመር ያወጣል፤ ሰውም ያምነዋል። እኔ ግን ከፊል ግርዶሽ ብቻ ካላቸው ጥንዶች የወጣ ራዲየስ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ከስፔክትረሙ የብርሃን ድርሻቸው ተለክቷል ወይ ብዬ ነው።

ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን የዝቅታው ወለል ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ትንሹ ኮከብ ጨርሶ ተደብቋልና። ያኔ የሁለቱ ራዲየስ ንጽጽር ጥርት ብሎ ይወጣል። በከፊል ግርዶሽ ግን የራዲየሶቹ ድምር በደንብ ይታወቅና ንጽጽሩ ይጠፋል። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ኮከብ፣ ወይም ሁለት መካከለኛ ኮከቦች፣ ዝንባሌው ትንሽ ሲስተካከል ያንኑ ግራፍ ሊሰጡ ይችላሉ። ሞዴሉ ለሁለቱም ይገጥማል።

ሌላው አሳሳች ሦስተኛ ብርሃን ነው። ጥንዶቹ አጠገብ ሌላ ኮከብ ካለ ብርሃኑ ሳይጋረድ ይደመርና ዝቅታውን ያሳንሰዋል። ከጠቅላላው ብርሃን አንድ ሦስተኛው የእንግዳው ከሆነ፣ 30 በመቶ የነበረው ግርዶሽ 20 በመቶ መስሎ ይታያል። ሞዴሉም ዝንባሌውን ያሳስታል። ይህ ብርቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አልጎልም ሦስተኛ ኮከብ አላት። ቴስ የተባለችው የጠፈር ቴሌስኮፕ አንድ ፒክስል 21 አርክሰከንድ (አንዱ አርክሰከንድ የዲግሪ 1/3600 ነው) ስለሚሸፍን ብዙ ኮከብ አንድ ላይ ይገባበታል። ከዚህም የተነሳ ከኋላ ያሉ ተጋራጅ ጥንዶች ፕላኔት በኮከብ ፊት ሲያልፍ የሚፈጠረውን የሚመስል ዝቅታ እየሠሩ ፕላኔት ፈላጊዎችን ያሳስታሉ።

“የሚጋርደው ሁሌ ኮከብ ነው”

ኤፕሲሎን ኦሪጌ የምትባለው ኮከብ በ27 ዓመት አንዴ ትጋረዳለች። ግርዶሹ ሁለት ዓመት ገደማ ይቆያል። በ2009 በጀመረው ግርዶሽ ብዙ ቴሌስኮፖችን አጣምሮ ምስል ማንሳት ተችሎ ነበር። ፊቷ ላይ ሲያልፍ የታየው ቀጭንና ረጅም የአቧራ ዲስክ ነው።

“እንዲህ ለራቁ ኮከቦች ቁጥሩ ግምት ነው”

ግምት የሚባለው ብቻውን ላለ ኮከብ መጠነ ቁስ ነው፤ ያ በአብዛኛው ከሞዴል የሚወሰድ ነው። በጥሩ ሁኔታ በተለኩ ተጋራጅ ጥንዶች ግን ስህተቱ ከ2 በመቶ በታች ይወርዳል። የሌሎቹ ኮከቦች ቲዎሪ የሚፈተነው በነሱ ነው፣ አንዳንዴም ይወድቃል። ሲ ኤም ድራኮኒስ በሚባሉት ትንንሽ ቀይ ኮከቦች የተለካው ራዲየስ ቲዎሪው ከሚለው በጥቂት በመቶ ይበልጣል። መግነጢሳዊ ጉልበታቸውና ነጠብጣባቸው ተጠርጥሯል፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

ርቀትም ከዚሁ ይወጣል። ራዲየሱና የገጹ ድምቀት ከታወቁ ኮከቡ በድምሩ ምን ያህል ብርሃን እንደሚረጭ ይታወቃል። እኛ ጋ ከሚደርሰው ጋር ሲነጻጸር ርቀቱ ይገኛል። በ2013 ትልቁ የማጄላን ደመና በተባለው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ 8 ተጋራጅ ጥንዶች በዚህ መንገድ ተለኩ፤ ስህተቱ 2 በመቶ ገደማ ነበር። በ2019 ቁጥራቸው 20 ደረሰ። ርቀቱ 162,000 የብርሃን ዓመት ያህል ሆኖ ወጣ፤ ስህተቱም ወደ 1 በመቶ ወረደ። የዩኒቨርስን የመስፋፋት ፍጥነት የሚለኩ ተመራማሪዎች ለርቀት መለኪያቸው መነሻ ካደረጓቸው ቁጥሮች አንዱ ይህ ነው።